አሮጌዋ የጀልባ ሞተሬና የተጨመረላት የውሃ ማሳያ፦ ከ11 ወር በኋላ

ኅዳር 2017 ላይ በጀልባ ሞተሬ ላይ የውሃ ማሳያ፣ ማለትም የሚያቀዘቅዛት ውሃ መዞሩን ከውጭ የማይበት ቀጭን መውጫ፣ አስገጠምኩ። መጀመሪያ የተተከለበት ቦታ ስህተት ስለነበር ጥር ላይ አስነቅዬ ሌላ ቦታ አስተከልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ በጋና አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል። የሚያየው ሁሉ "እንዴት ሆነልህ?" እያለ ስለሚጠይቀኝ የሆነውን፣ ያበላሸሁትንም ጭምር፣ እጽፈዋለሁ።

የምኖረው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው። ጀልባዬ ግን ያለችው በአዲስ አበባው መንገድ፣ ከአሰንዳቦ ወዲያ፣ ግልገል ጊቤ ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ላይ ነው። ንጋት ላይ ከአጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ እየሰበሰብኩ ወደ ከተማ አመጣለሁ። ሞተሯ 15 ፈረስ ጉልበት ያላት፣ ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የሚቀዳላት ባለ ሁለት ምት ናት። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ በዕድሜ በእጥፍ ትበልጠዋለች። ስገዛት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤቷ ነበርኩ።

የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። ውሃውን የሚስበው ከራሱ ከሐይቁ ነው። ታች፣ ማርሹ ካለበት በላይ፣ የጎማ ክንፎች ያሉት ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ውሃውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃው ሲሊንደሮቹንና ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን) ዞሮ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አዳዲሶቹ ሞተሮች ከዚህ ውሃ ጥቂቱን በጎን በኩል በቀጭኑ ያፈስሳሉ፣ ነጂው ዞር ብሎ እንዲያየው። አጥማጆቹ ይህን "ሽንት" ይሉታል። የእኔዋ የዚያ ዘመን ስላልሆነች ሽንት የሚባል ነገር አልነበራትም። ውሃው ይዙር አይዙር ማወቂያው ጭሱ ላይ የሚታየው ትንሽ እርጥበት ብቻ ነበር፤ እሱንም ማዕበል ካለ አታየውም።

ዋጋውን የከፈልኩት በ2016 ግንቦት ነው። ሐይቁ መሀል ላይ ድምፅዋ ወፈር አለ፣ ጉልበቷ ቀነሰ፣ ነዳጅ ያነሳት መስሎኝ ጨመርኩላት። ከዚያ አንዴ "ቂጭ" ብላ ቀጥ አለች። ገመዱን ስስበው ከድንጋይ ጋር የታሰረ ያህል አልንቀሳቀስ አለኝ። ጉማሬ በሚውልበት ውሃ ላይ በመቅዘፊያ ሁለት ሰዓት ተጓዝን፤ ልጁ በሕይወቱ እንደዚያ ዝም ብሎ አያውቅም። ጋራዥ ሲፈታ ፒስተኑ በአንድ ጎኑ ተፍቆ ነበር። ፓምፑ ሲከፈት ደግሞ የጎማው ክንፎች ግማሹ የሉም። መካኒኩ ጎማውን እጄ ላይ አስቀምጦ "ይህ መቼ እንደሞተ ማን ያውቃል?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያ ጎማ ያለ ውሃ ከዞረ ለመበላሸት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም፣ የሚነግርህ ግን የለም።

ስለዚህ ማሳያ ይገጠም ተባለ። ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው የጭስ መውጫውን የውሃ ክፍል ከሸፈነው ሳህን ላይ መቅዳት ነው፤ ሳህኑ በቡሎን ስለሚፈታ ሥራው ቀላል ነው። ሁለተኛው ከቴስታታው አናት መቅዳት ነው፤ ይህ ግን ቴስታታውን መፍታት፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር የሚገባ ማሸጊያ) መግዛት ይጠይቃል። ገንዘብ ማዳን ፈለግሁና የመጀመሪያውን መረጥኩ። በግማሽ ቀን አለቀ። አስነስተን ስናይ ገና በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይጨመርላት፣ እያለች ውሃው ክንድ ያህል ርቆ ተፈነጠቀ። ልጁ አጨበጨበ። እኔም ለሁለት ወር ያህል ላገኘሁት ሁሉ አሳየሁ።

ጥር ላይ አንድ ቀን ውሃው እንደ ወትሮው እየተፈነጠቀ የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ። ማሳያውን አየሁ፣ ይፈስሳል። በእጄ ነካሁት፣ ለብ ያለ ነው። ሽፋኑን ከፍቼ ቴስታታው ላይ እንትፍ ብል ምራቁ "ችስ" ብሎ ጠፋ። ወዲያው አጠፋኋት። ሲፈታ የቴስታታው የውሃ መንገዶች በደረቀ ጭቃ ተደፍነው ተገኙ። ውሃው ከታች ከፓምፑ መጥቶ፣ ላይኛው መንገድ ተዘግቶበት፣ እኔ በበሳሁት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ማሳያዬ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። እኔ የጠየቅኩት ፓምፑ መሥራቱን ነበር፣ ማወቅ የፈለግሁት ግን የሞተሯን መቀዝቀዝ ነው። እነዚህን ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጌ ማየቴ ሁለተኛ ፒስተን ሊያስበላኝ ነበር።

ሁለተኛውን ሥራ ከመጀመሪያው ይልቅ በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው። ቴስታታው ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ሞተሯ ላይ እንዳለ መብሳት ፈጽሞ አይሞከርም፤ የብረት ፍርፋሪው ውሃ መንገዱ ውስጥ ይቀራል፣ አንዱ ስህተት ደግሞ ሲሊንደሩን ይበሳል። ሞተሯ ቆማ ሲታይ ከሁሉም ከፍ ያለውን፣ አሉሚኒየሙ ወፈር ያለበትን ቦታ መረጥን። ቶርኖ ቤቱ ያለው ሰውዬ ቆንጠጥ ባለ አነጋገር "ቀጭኑ ላይ ብትበሳው የቡሎን ጥርሱ አይዝልህም" አለኝና በመዶሻ ጀርባ እየኳኳ በድምፁ አወቀው። የትራፓኑን (የመብሻውን) ጫፍ ግራሶ ቀባው፣ ፍርፋሪው እንዲጣበቅበት፤ ቀስ እያለ እየወጣ እየጠረገ በሳ፣ ከዚያ ጥርስ አወጣበት። ውሃው የሚወጣባትን የማሳያውን አፍ ከናስ በቶርኖ ቀረጻት፤ ከሱቅ የተገዛችው ፕላስቲክ ሙቀት አትችልም ብሎ መልሶ ኪሴ ውስጥ ከተታት። የናሷ የውስጥ ቀዳዳ 2 ሚሊሜትር ሆነ። ከዚያ የነዳጅ ጎማ ቱቦ፣ በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት)፣ ጎማው በሽፋኑ ታችኛው ሳህን በኩል በተበሳ ቀዳዳ ወጣ። ለጠቅላላው ሥራ የከፈልኩት ለፒስተኑ ካወጣሁት ሩብ አይሆንም።

በሥራ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ታወቀ። የታችኛው ማሳያ ገና ሞተሯ ስትነሳ ነበር የሚፈነጥቀው። ይህኛው ይዘገያል፤ ውሃው መጀመሪያ ሲሊንደሩንና ቴስታታውን መሙላት አለበት። በሚኒሞ ሲሆን እየተንጠባጠበ ነው የሚወርደው፣ ጋዝ ሲጨመር ነው መስመር የሚይዘው። መጀመሪያ ልቤን ይሰቅለው ነበር፤ አሁን እስከ ሃያ ቆጥሬ ካልመጣ አጠፋለሁ። እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ሃያ ሞልቷል፤ ታች መሳቢያው ላይ የላስቲክ ከረጢት ተለጥፎ ነበር።

የከበደው ክረምቱ ነው። ይህ ሐይቅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ጣቢያ ውሃ ነው፤ ከዙሪያው እርሻ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል። ሐምሌ ላይ ውሃው አተላ ይመስላል። ባለ 2 ሚሊሜትሯ አፍ በሐምሌ ወር ብቻ አራት ጊዜ ተደፈነች። ማሳያው በቆመ ቁጥር ሞተር ማጥፋት፣ ሽፋን መክፈት፣ ፋሼታ መፍታት፣ በዝናብ። ነሐሴ መግቢያ ላይ ወደ 3 ሚሊሜትር አስሰፋኋት። ከዚያ ወዲህ የተደፈነችው አንዴ ነው። 4 ወይም 5 ይሁን የሚለኝ ሰው አልጠፋም፤ እኔ አልስማማም። በዚያች ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ቴስታታውን ማቀዝቀዝ የነበረበት ውሃ ነው፣ ፓምፑም አሮጌ ነው። ለማየት ሲባል ማራቆት የለብንም።

ሌላው ሞኝነቴ ግልጽ ጎማው ነበር። ሽፋኑ ሲከፈት ውሃው ውስጡ ሲሄድ ይታያል ብዬ ከነዳጁ ጎማ መሀል አንድ ስንዝር ግልጽ ፕላስቲክ አስገብቼ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቡና የተቀዳበት ስኒ መሰለ፣ ምንም አይታይበትም። በሁለተኛው ወር ሙቀቱ አልፈስፍሶት መታጠፊያው ላይ ተጨፈለቀና ውሃውን ቆለፈ። አውጥቼ ጣልኩት። የመውጫው አቅጣጫም መጀመሪያ ወደ ኋላ ስለነበር ነፋስ በመጣ ቁጥር ውሃው ዓሣው ቅርጫት ላይ ይረጭ ነበር። አሁን በቀኝ ጎን ወደ ታች ዞሯል፤ መሪውን ይዤ አንገቴን ትንሽ ዘወር ሳደርግ አየዋለሁ። አዲስ ተሳፋሪ ግን አሁንም ይደነግጣል። "ጋሼ፣ ሞተርህ ያፈስሳል" ይሉኛል። ሲያቆም ንገሩኝ እላቸዋለሁ።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር ልበል። የምንቀዳው ከቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ክፍል) በፊት ካለው ቦታ ስለሆነ ቴርሞስታቱ ተቆልፎ ቢቀር እንኳ ማሳያው መፍሰሱን አያቆምም፤ ልዩነቱ ውሃው ይፈጃል። ስለዚህ በየጉዞው አንዴ ጣቴን አስነካዋለሁ። ሙሉ ጋዝ ላይ ሆና ጣት ሊቆይበት የሚችል ሙቅ ውሃ ከሆነ ደህና ናት። ጣቴን ቶሎ የሚያስነሳኝ ከሆነ ወይም ውሃው እየተቆራረጠ እንፋሎት ከቀላቀለ ማጥፋት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ሳይሞላ በ95 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላም አይዘንጋ፤ ከባሕር ዳርቻ ሰው በፊት እኛ እንፋሎት እናያለን።

የማልወድላት ነገር አለ? አለ። ማታ ማሳያው አይታይም፤ ልጁ በባትሪ እያበራ ነው የሚያየው። የናሷ አፍ ጥርሷ ላይ ትንሽ ታለቅሳለች፣ ሁለት ጊዜ ማሸጊያ ቀይሬላታለሁ። የፓምፑን ጎማ ከመቀየርም አላዳነችኝም፤ መስከረም ላይ የፈታሁት ጎማ ክንፎቹ ሙሉ ቢሆኑም ወደ አንድ ወገን ተጣመው ነበር። ማሳያው ግን ሳምንት ቀድሞ ቀጥኖ ነግሮኛል፤ እንደ እርሳስ የነበረው እንደ ስንደዶ ሆኖ ነበር። በዚህ ብቻ ወጪዋን መልሳለች።

የታችኛውን የድሮውን ቀዳዳ በቡሎን ደፍኜ ቀይ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት አጥማጅ ያንን ቀይ ነጥብ አይተው ጠየቁኝ። ሞተራቸው የእኔዋ እህት ናት፣ እሷም አትሸናም። "ከዚሁ ከሳህኑ ላይ ቶሎ ብሳልኝ፣ ልጄ፣ ቴስታታ መፍታት ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። አባባ፣ ትራፓኑን የማነሳው ቴስታታው ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ካየሁት ብቻ ነው አልኳቸው። አኩርፈው ሄዱ፤ ትናንት ደውለው ጓርኒሲዮኑ የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ።