ለሰፈር ታዳጊዎች የመረብ ኳስ ዕቃ፦ ጎንደር ላይ ምን ዓይነቱ ይገዛ?

ጎንደር ውስጥ ለልጆች የስፖርት ዕቃ ሊገዛ የወጣ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚያርፈው እግር ኳስ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳበት ከተማ ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጆቹ 14 እና 15 ዓመት ሲሞላቸው ነው። ጎበዞቹ ፕሮጀክት፣ ማለትም የታዳጊዎች የእግር ኳስ ሥልጠና፣ ይገባሉ፣ የቀሩት ዳር ቆመው ያያሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ከዚያም በፊት ሜዳውን ለቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ ምታቸው ከፍ እስኪል እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የ146 አገሮች ጥናት ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 81 በመቶው ከዚህ በታች እንደሆኑ አሳይቷል፤ ወንዶቹ 78፣ ሴቶቹ 85 በመቶ ገደማ።

ስለዚህ አንድን ዕቃ ስንመዝን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ልጁን በ12 ዓመቱ ብቻ ሳይሆን በ17 ዓመቱም ከቤት ያወጣዋል ወይ? በዚህ ሚዛን ኳስ፣ መረብና መንፊያ አንድ ላይ ተገዝተው የሚስተካከላቸው የለም ብለን እናምናለን። የዝላይ ገመድ ርካሽና ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን የሚዘል ልጅ ቶሎ ይሰለቸዋል። ጂም በየወሩ ክፍያ አለው፣ አነሳሱን ቆሞ የሚያርም ሰው በሌለበት ቤት ደግሞ ለ14 ዓመት ልጅ አንመክረውም። መረብ ኳስ አራት ልጅ ሲገኝ ይጀመራል፣ አሥራ ሁለት ቢመጡም ቦታ አያጣም። መረቡ መሃል ላይ ስላለ ግፊያና ጠለፋ የለም። ቦታ በየተራ ስለሚቀያየር ደካማው ልጅም ወደ ፊት ይመጣል፣ ሰርቭ (የመክፈቻውን ምት) ይመታል፤ ጥግ ተይዞ የሚረሳ የለም። ጎንደር ደግሞ ኮረብታ ናት፤ ደልዳላ መሬት እንደልብ አይገኝም። ሙሉ ሜዳው 18 በ9 ሜትር፣ አራት ለአራት ሲሆን 12 በ6 ሜትር የሚበቃው ጨዋታ ለዚህች ከተማ የተሰፋ ልብስ ነው።

ገንዘቡ መውጣት ያለበት ኳሱ ላይ ነው። ፒያሳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ስትዞሩ ሁለት ዓይነት ኳስ ለዩ። አንደኛው ደረቅ የፕላስቲክ ልባስ ያለው፣ በማሽን የተሰፋ፣ ስፌቱ በጣት የሚዳሰስ ነው። ሌላው ልባሱ ለስለስ ያለ፣ ቁራጮቹ በማጣበቂያ የተያያዙ ነው። ሁለተኛውን ግዙ፤ ሁለት ደረቅ ኳስ ከምትገዙ አንድ ለስላሳ ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጀማሪ ኳሱን የሚቀበለው በክንዱ ነው። ደረቁ ኳስ ክንድን ያቀላል፣ ያሳብጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ክንዷ የቀላባት ልጅ በሁለተኛው ቀን አትመጣም። ሚካሳ ወይም ሞልተን የሚለው የታወቁ ኳስ አምራቾች ስም ብቻውን አያሳምናችሁ፤ ስማቸው አስመስሎ በተሠራ ኳስ ላይም ይታተማል።

ከመክፈላችሁ በፊት ኳሱ ይነፋ በሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ዙሪያውን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ ከ65 እስከ 67 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሁለቱ ልኬቶች ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ኳሱ እንቁላል ነው፣ ተዉት። በአካባቢው ባለ ዲጂታል ሚዛን መዝኑት፤ ትክክለኛው ክብደት ከ260 እስከ 280 ግራም ነው። ከዚያ አሽከርክራችሁ ወደ ላይ ወርውሩት፤ እየተወዛወዘ ከዞረ አንዱ ጎኑ ከብዷል ማለት ነው። በመጨረሻ የአየር ማስገቢያው ላይ ምራቅ ወይም የሳሙና አረፋ አድርጉ። አረፋው ከተነፋ አየር ያፈሳል፤ ይህ ጉድለት ቤት ከደረሰ በኋላ በቀላሉ አይጠገንም።

ጥሩውንም ኳስ ቶሎ የሚገድለው አነፋፉ ነው። ኳሱን ይዞ ወደ ጎሚስታ መሮጥ የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። የመኪና ጎማ ወደ 30 ፒ.ኤስ.አይ ግፊት ይይዛል፣ መረብ ኳስ የሚፈልገው ከ4.3 እስከ 4.6 ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በሰከንዶች ውስጥ ከልኩ ያሳልፈዋል፤ ቁራጮቹ ይለቃሉ፣ አንድ ቦታ ያብጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቢተነፍስም ቅርጹ አይመለስም። ትንሿን የእጅ መንፊያ ግዙ፣ መርፌም ሁለት ሦስት ጨምሩ፤ መርፌ ይጎብጣል፣ ይጠፋል። መርፌውን ሳታረጥቡ አታስገቡ፤ ደረቅ መርፌ የማስገቢያውን ጎማ ይቀድዳል። መለኪያ ከሌላችሁ በሁለት አውራ ጣት ጫን ስትሉት ትንሽ ገባ ማለት አለበት፤ ድንጋይ ከሆነ አስተንፍሱት። ለጀማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልኩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢነፋ ይመረጣል። ከቆላው ከመተማ በኩል ተነፍቶ የመጣ ኳስ ጎንደር ሲደርስ ከልኩ በላይ ጠንክሮ ይገኛል፤ ደጋው ላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ነው፤ ልኩን እንደገና አስተካክሉ።

መረቡ 9.5 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት፣ ዓይኑም 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ርካሾቹ መረቦች ደህና ናቸው፤ የሚያሳፍረው ከላይ የሚያልፈው ቀጭን ሲባጎ ነው። በሳምንቱ ይረግብና መሃሉ ይወርዳል። አውጥታችሁ ጥሉትና 13 ሜትር ያህል ጠንካራ የናይለን ገመድ አስገቡ። መረቡን ከጨዋታ በኋላ አውርዱት፤ የደጋ ፀሐይ ናይለን ያደርቃል፣ እየተሰባበረ ያልቃል።

ቋሚዎቹን መግዛት አያስፈልግም። 3.20 ሜትር የሆኑ ሁለት ወፍራም የባህር ዛፍ እንጨቶች ቁረጡ፣ 70 ሴንቲ ሜትሩ ይቀበራል። የሚቀበረውን ጫፍ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ አለዚያ ምስጥ ይበላዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቋሚውን ቀጥ አድርጎ በመትከል ነው። ገመዱ ሲወጠር ሁለቱም ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ መረቡም ይረግባል። ሲተከሉ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበሉ፣ ከኋላም በገመድ ካስማ ላይ ይወጠሩ። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ የሜዳው ርዝመት ቁልቁለቱን አግድም ይቁረጠው። ርዝመቱ ወደ ቁልቁለቱ ከሄደ ለአንደኛው ቡድን መረቡ ይረዝምበታል፣ ያመለጠ ኳስ ሁሉ ደግሞ ሰፈር ለሰፈር ይፈለጋል። መስመሩን በኖራ አታስምሩ፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። አመድ ወይም በችንካር የተያዘ ገመድ ይበቃል።

የመረቡ ቁመት ራሱ ልጆችን ያቆያል ወይም ያባርራል። ለአዋቂ ወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። ሰፈር ውስጥ ትልልቆቹ ወንዶች 2.43 ላይ ይሰቅሉትና ታናናሾቹና ሴቶቹ ኳስ ማሻገር ያቅታቸዋል። ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጆች 2.10 ሜትር ገደማ፣ ለድብልቅ ጨዋታ 2.24 አድርጉ፤ ቋሚው ላይ ምልክት ይቆረጥ፣ ክርክር እንዳይኖር። ቁመቱ የሚለካው መሃል ላይ ነው።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ዕቃው ብቻውን ምንም አይሠራም። 15 ዓመት የሞላት ልጅ የምትቀረው ስለሰነፈች አይደለም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃው፣ እንጀራው፣ ታናሽ ወንድሟ ይጠብቋታል፤ ሜዳው ዳር ተደርድሮ የሚያይ ጎረምሳ አለ፤ ሲመሽ ደግሞ መንገዱ ያሰጋታል። ስለዚህ የታወቀ ሰዓት ይኑራቸው፦ በሳምንት ሦስት ቀን ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሜዳው የእነሱ። ሰዓቱ ከታወቀ እናትና አባት ሥራውን ያስተካክሉላታል፤ ዛሬ ይኑር አይኑር በማይታወቅ ጨዋታ ግን ማንም ፈቃድ አይሰጥም። ሜዳው ከዋናው መንገድ ገባ ቢል ጥሩ ነው። ረጅም ሱሪና ሰፊ ቲሸርት ለብሶ መጫወት ይቻላል፣ ልዩ ልብስ የሚጠይቅ አይኑር። መጸዳጃ ቅርብ መኖሩን አረጋግጡ፤ በወር አበባቸው ጊዜ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በዓቢይ ጾምና በረመዳን ምግብ ያልቀመሱ ልጆች ስለሚኖሩ ዝላዩ ቀርቶ ቅብብል ብቻ ይሁን።

በፍጥነት እያደገ ያለ ልጅ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ላይ ሕመም ቢሰማው ችላ አይበል። ጅማቱ የሚያያዝበት ቦታ ገና ያልጠነከረ በመሆኑ በዝላይ ብዛት ይቆጣል። መዝለሉን ይተው፣ አቀባይ ሆኖ ይጫወት፤ ካላሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሁሉም በሁለት እግር ማረፍን ከመጀመሪያው ይልመዱ፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ። ሜዳው ላይ ያለ ጠጠር ከጨዋታ በፊት ይለቀም።

ኳሱ ማን ቤት ያድራል የሚለው ከዋጋው እኩል ያሳስባል። አንድ ልጅ ቤት ብቻ ከሆነ ልጁ ሲኮርፍ ወይም ቤተሰቡ ሲለቅ ጨዋታው ያበቃል። ኳሱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ጋ በየሳምንቱ ይፈራረቅ፣ መንፊያው ሦስተኛ ቤት ይቀመጥ። በክረምት ጭቃ ከነካው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ማጣበቂያው ይለቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከበረታ ደግሞ ግማሽ አየሩን አስተንፍሳችሁ አስቀምጡት፤ መረቡንም ሳይደርቅ አትጠቅልሉት።