የደብረ ማርቆሱ የ3 ቀን የኢንተርቪው ሥልጠና፦ 800 ብሩ ይገባዋል ወይ?

አብረውኝ የተመረቁ ልጆች «ያ ሥልጠና እንዴት ነበር? ልክፈል ወይስ ልተወው?» እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ለሁሉም እዚሁ ልመልስ። ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ አንድ ፎቅ ላይ በተከራዩት ክፍል ነው የሚሰጠው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት፣ ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሉ ቀን። ዋጋው 800 ብር። አሠልጣኙ ዕድሜያቸውን በባንክ ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

እኔ የተመረቅሁት በአካውንቲንግ ነው። የመውጫ ፈተናውን አልፌ፣ ቴምፖዬን (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃዬን) ይዤ ሞጣ ቤተሰብ ጋ ገባሁና 7 ወር ተቀመጥሁ። «ዜሮ ዓመት» የሚል፣ ማለትም የሥራ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አመለክታለሁ። በመጨረሻ አንድ ድርጅት ለጽሑፍ ፈተናና ለቃለ መጠይቅ ባሕር ዳር ጠራኝ። ያን ቀን ቤታችን በእልልታ ቀለጠ፣ እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ይጠይቁኛል? ስለ ራሴስ ምን እላለሁ? ወንድሜ ነው «ማርቆስ እንዲህ ያለ ሥልጠና አለ» ብሎ ብሩን የሰጠኝ።

የመጀመሪያው ቀን በር አንኳኩቶ ከመግባት ይጀምራል። ቀላል ይመስላል። አንድ በአንድ እየወጣን ስንገባ ግን ግማሻችን ተቀመጡ ሳንባል ተቀመጥን፣ ግማሻችን በሩ ሥር ተገትረን ቀረን። ጋሼ በስልካቸው ይቀርጹና መልሰው ያሳዩናል። መዳፌን ጉልበቴ ላይ ሳሽ፣ ዓይኔ ከወለሉ አልነሣ ሲል፣ የዓረፍተ ነገሬ መጨረሻ እየተዋጠ ሲጠፋ አየሁት። ማንም ይህን ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ «እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ስሜን፣ የት ተወልጄ እንዳደግሁ፣ በስንት ነጥብ እንደተመረቅሁ ነገርኋቸው። «ይኼንን ሲቪሽ ላይ አንብቤዋለሁ ልጄ። ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ። «ምንም፣ ገና ተመራቂ ነኝ» አልሁ። አልለቀቁኝም። ቤተሰብሽ ምን ይሠራል፣ አንቺስ ምን ታግዣቸዋለሽ እያሉ ሲመረምሩኝ የእናቴ የዱቤ ደብተር ወጣ።

እናቴ ትንሽ ሱቅ አላት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርሁ። ማን ስንት ኪሎ ስኳር ወሰደ፣ ማን ግማሹን ከፈለ፣ ማን «እህል እስክሸጥ ታገሡኝ» አለ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ድምሩን አውጥቼ ለእማዬ አነብላታለሁ። ጋሼ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይኼማ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው! የተበላሸ ነገር ነበር?» አንድ ጊዜ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አምታትቼ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ጽፌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከስማቸው ጎን የአባት ስምና ሰፈር መጻፍ ጀመርሁ አልኋቸው። «በቃ፣ የምትናገሪው ይህንን ነው። ጎበዝ ነኝ አትበይ። ያደረግሽውን ንገሪያቸው፣ ጉብዝናውን እነሱ ይፍረዱ።»

እኔ ለዚህች ብቻ ብዬ 800 ብሩን እከፍላለሁ። እኛ ጎጃም ስናድግ ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው፣ ስለ ራስ ማውራት ደግሞ ጉራ። እኔም ብዙ ጓደኞቼም ጥሩ ውጤት ይዘን ጠያቂ ፊት ስንቀርብ አፋችን የሚተሳሰረው ለዚህ ይመስለኛል። ጋሼ ጨዋነታችንን ጣሉት አላሉንም። ጨዋ ሆኖ መናገር እንዴት እንደሚቻል ነው ያሳዩን።

ሁለተኛው ቀን ደረቅ ነው ግን ይጠቅማል። በተለይ የሒሳብ ልጆች እንዳትቀሩ። የደመወዝ ግብር አሠሩንና ሁላችንም እንደተማርነው ከግብር ነፃ የሆነውን 600 ብር አድርገን ሠራን። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆኗል፤ የድሮውን ሠርቶ የሚገባ ተፈታኝ እዚያው ይወድቃል። የጡረታ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መሆኑንም ከለሱልን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለት ነው፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም እንደሚል ያወቅሁትም እዚያ ነው። አንድ ሌላ ነገር፦ በእንግሊዝኛ «9:00» የሚል መልእክት ከመጣላችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 9 ሰዓት ብላችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

አሁን ቅሬታዬ። 15 ሰው ብቻ ብለው አስተዋውቀው 27 ሆነን ነው የተማርነው። ሦስተኛው ቀን ለሁሉም ሙሉ የልምምድ ኢንተርቪው ይደርሳል ተብሎ ነበር፣ 9 ልጆች ሳይደርሳቸው መሸ። ይህ ልክ አይደለም፤ ከሩቅ ወረዳ መኪና ተሳፍሮ፣ አልጋ ከፍሎ የመጣ ልጅ ነበር። የእንግሊዝኛ ልምምዱ ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ብዙ ድርጅት ግን ከመሐል ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ለሁላችንም የሰጡን የሲቪ ናሙና ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። እሱን ተዉት፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።

ስለ ልብስ ብዙ አላሉም፣ ጥሩ አድርገዋል። ንጹሕና የተተኮሰ ይሁን፣ ከሰልባጅም ቢሆን። ሱፍ ልግዛ ብላችሁ አትበደሩ።

ባሕር ዳር ስቀርብ ጠያቂዎቹ 3 ነበሩ። አንዷ ሴትዮ «ዜሮ ዓመት ነሽ፣ በምን እንመንሽ?» አለችኝ። የዱቤ ደብተሩን ነገርኋት። ቀና ብላ አየችኝና ስለ ሁለቱ ሰዎች አስደገመችኝ። በእንግሊዝኛ ሲጠይቁኝ ተንተባተብሁ፣ እዚያ ላይ ነጥብ እንደጣልሁ አውቃለሁ። ውጤቱ ሲለጠፍ 1ኛ ተጠባባቂ ሆንሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ተጠርቻለሁ፤ እስከዚያ ከእህቴ ጋር ማታ ማታ በእንግሊዝኛ እየተለማመድን ነው።

የምትመዘገቡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ሰው እንደተመዘገበ ጠይቁ፣ የልምምድ ተራችሁንም እዚያው አስጽፉ። ቀድማችሁ ሂዱና ከፊት ተቀመጡ፤ ጋሼ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ ከኋላ ወንበር አይሰማም።