ካውንተርዌይት ያለው ክራንክሻፍት ወይስ የሌለው? ከመክፈላችሁ በፊት

ባለአራት ሲሊንደር የላይኮሚንግ የአውሮፕላን ሞተር ሊገዛ የተነሳ ወዳጅ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ሁለት ሞተር አግኝቷል። አንደኛው አይኦ-360-ሲ1ሲ፣ ሌላኛው አይኦ-360-ሲ1ሲ6። ሁለቱም 200 የፈረስ ጉልበት ናቸው። በስሙ መጨረሻ ያለው 6 በክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ ላይ፣ ካውንተርዌይት የሚባል የተንጠለጠለ ክብደት እንዳለ ያመለክታል። «ባለ 6ቱ ካውንተርዌይት አለው፣ እሱ ይሻላል አሉኝ። ጨምሬ ልግዛው?» ይለኛል።

አቋሜን አልደብቅም። ምርጫው በእጁ ለሆነ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ካውንተርዌይት የሌለው ይበቃዋል። ኪሱንም ያተርፍለታል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ካውንተርዌይቱ ሞተሩን ባላንስ ለማድረግ የገባ አይደለም። ፒስተኖቹ ፊት ለፊት ስለሚሠሩ ይህ ሞተር በራሱ በቂ ሚዛን አለው። ችግሩ መጠምዘዝ ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። በደቂቃ 2,700 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 90 ምት ማለት ነው። እያንዳንዱ ምት ክራንክሻፍቱን በትንሹ ጠምዝዞ ይለቀዋል። በሆነ የዙር መጠን ላይ ምቱ ከክራንክሻፍቱና ከፕሮፔለሩ የራስ ንዝረት ጋር ይገጥማል። ያኔ በብረት ፕሮፔለር ብሌዶች ላይ ያለው ጭንቀት ይከመራል። ብረት ደግሞ በድካም የሚሰነጠቀው እንዲህ ሲደጋገምበት ነው።

ካውንተርዌይቱ በክራንክሻፍቱ ላይ በሮለሮች የተንጠለጠለ ፔንዱለም ነው። ክራንኩ ወዲህ ሲጠመዘዝ እሱ ወዲያ ይሄድና ንዝረቱን ይውጠዋል። ዙሩ ሲጨምር የሚወዛወዝበት ፍጥነትም አብሮ ስለሚጨምር በሁሉም ዙር ላይ ሥራውን ይሠራል። በ1930ዎቹ በትልልቅ ራዲያል ሞተሮች ላይ ሥር የሰደደ ብልሃት ነው። ብልሃትነቱን አልክድም። ጥያቄዬ የሚያስከፍለው ዋጋ ላይ ነው።

ከሌለው እንጀምር። እዳው አንድ ብቻ ነው፤ የማይቆዩበት የዙር ክልል። ፓይፐር አሮው የተባለው አውሮፕላን ከሲ1ሲ ጋር ሲሆን ከ2,100 እስከ 2,350 ባለው ዙር ላይ ያለማቋረጥ መብረር አይፈቀድም። ቼሮኪ 180 በተለመደው ቋሚ (የብሌዱ አንግል የማይቀያየር) የብረት ፕሮፔለር ከ2,150 እስከ 2,350 ነው። ማለፍ ይቻላል፣ መቀመጥ ነው የማይቻለው። ብዙ ሰው በ2,400 ወይም በ2,500 ነው የሚጓዘው። ታዲያ በማትቆዩበት ዙር ምክንያት ለምን ተጨማሪ ትከፍላላችሁ?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አሮጌ ሜካኒካል የዙር መለኪያ ይዋሻል። እሱ 2,400 ሲል እውነተኛው 2,330 ከሆነ፣ ሳታውቁት ክልክሉ ውስጥ ተቀምጣችኋል። በብርሃን የሚያነብ የእጅ መለኪያ አምጥታችሁ አመሳክሩት። በዚህ ጉዳይ ላይ ከምታወጡት ወጪ ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ባለ 6ቱ። የመግዣ ዋጋው ብዙም ላያስደነግጥ ይችላል። ገንዘብ የሚበላው ሞተሩ ለእድሳት ሲወርድ ነው።

ካውንተርዌይቱ የሚንጠለጠልበት ቀዳዳ ቡሽንግ፣ ማለትም ቀለበት መሰል የውስጥ ሽፋን፣ አለው። በቡሽንጉ ውስጥ ሮለር ይገባል። የፔንዱለሙን «ርዝመት» የሚወስነው የቡሽንጉ ዲያሜትር ከሮለሩ ዲያሜትር ሲቀነስ የሚተርፈው ክፍተት ነው። ስለዚህ የኢንች ጥቂት ሺህኛ ያህል መበላት ፔንዱለሙ የተቃኘበትን ንዝረት ይለውጠዋል። ከቅኝት የወጣ ካውንተርዌይት ሥራውን መሥራት ያቆማል፣ ብሶም ራሱ ጉዳት ያመጣል። ለዚህ ነው «ሮለር ያው ሮለር ነው» የሚል ሻጭ የሚያስፈራኝ። ሮለሮቹ የተለያየ ዲያሜትር አላቸው፣ በዓይን ግን አይለዩም። ምንጩ ያልታወቀ ወይም ፎርጅድ ወረቀት የተለጠፈበት ሮለር ብትገዙ የምታውቁት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

አንድ ወዳጄ በዚህ ተቃጥሏል። ባለ ካውንተርዌይት ያገለገለ ክራንክሻፍት በማይታመን ዋጋ አገኘ። ወረቀቱ «ታድሷል» ይላል። የዘንጉ መቀመጫዎች (ቤሪንግ የሚያርፍባቸው ቦታዎች) ተለክተው ደህና ሆኑ። በማግኔት ሲፈተሽም ስንጥቅ አልተገኘበትም። ካውንተርዌይቶቹ ሲፈቱ ግን ቡሽንጎቹ ሞላላ ሆነው ተገኙ። የሮለሮቹ ፓርት ነምበር የትም አልተመዘገበም። ወረቀቱ ላይ የታደሰው ዘንጉ ብቻ ነበር፣ ስለ ክብደቶቹ አንዲት ቃል የለችም። ቡሽንግ፣ ሮለር፣ ዋሸር፣ ማቆሚያ ቀለበት፣ የእጅ ዋጋ ሲደመር ሙሉ ሰነድ ካለው ክራንክ ዋጋ በላይ ሄደ። ሻጩም መልሼ አልቀበልም አለ።

ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ስለ ቡሽንጉ፣ ስለ ሮለሩና ስለ ዋሸሩ ለየብቻ የተጻፈ ሰነድ ጠይቁ። «ሁሉም ተሠርቷል» መልስ አይደለም። የማቆሚያ ቀለበቶቹ ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ፣ በትክክል መግባታቸውም በጌጅ ይረጋገጥ። ዋጋቸው ከቁጥር አይገባም፣ አንዱ ከወጣ ግን ካውንተርዌይቱ ክራንክኬዙን (የሞተሩን ሳጥን) በስቶ ይወጣል።

የአነዳዱ ነገርም አለ። ላይኮሚንግ ለባለቤቶች ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በሰርቪስ ቡለቲን 245፣ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ትሮትልን (ጋዝ መስጫውን) በድንገት መክፈትና መዝጋት፣ እንዲሁም በከፍተኛ ዙርና በዝቅተኛ ማኒፎልድ ፕሬዠር (ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገባው አየር ግፊት) መውረድ ካውንተርዌይቱን ከቅኝት ያወጣዋል። የሞተር መጥፋት ልምምድ ሲደረግም ትሮትሉን ከመዝጋት ይልቅ ክፍት ትቶ በሚክስቸር (በነዳጅና አየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው) ነዳጁን መቁረጥን ይመክራል። ይህን ሁሉ ጀማሪ ተማሪ ይጠብቃል ብላችሁ ታስባላችሁ? አውሮፕላኑ ለማስተማሪያ ከሆነ ምርጫ ካላችሁ ያለ ካውንተርዌይት ውሰዱ። ሴስና 172ኤስን የሚያንቀሳቅሰው አይኦ-360-ኤል2ኤ ካውንተርዌይት የለውም።

ፕሮፔለር መሬት ከነካ ሁለቱም ሞተሮች ለፍተሻ ይወርዳሉ፣ እዚያ ላይ ልዩነት የለም። ባለ 6ቱ ላይ የሚፈተሸውና የሚቀየረው ዕቃ ይበዛል፣ ሂሳቡም በዚያው ልክ ያብጣል። መቀመጫ ማሳነስም ለሁለቱም አንድ ነው። በ0.003 እና በ0.006 ኢንች ይወለወላል፣ 0.010 ከደረሰ ተሞርዶ እንደገና ናይትራይድ ይደረጋል (ገጹ ይጠነክራል)። ሴሪያል ቁጥሩን ከኤዲ 2012-19-01 ጋር ማመሳከር አትርሱ፤ ኤዲ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አስገዳጅ የደህንነት መመሪያ ነው። ፕሮፔለሩ ቋሚ ከሆነ ደግሞ የክራንኩ የፊት ቀዳዳ ውስጡ ዝጎ እንደሆነ አስፈትሹ፣ ኤዲ 98-02-08 የወጣው ለዚህ ነው።

ታዲያ ባለ 6ቱን መቼ ልግዛ? የአውሮፕላኑ ሰርተፊኬት እሱን ከጠየቀ ክርክር የለም። የተፈቀደው የሞተርና የፕሮፔለር ጥምረት ነው፣ ክራንክ እየመረጡ መቀያየር አይቻልም። ፓይፐር ሴሚኖልና ሴስና 172አርጂ ካውንተርዌይት ካለው ሞተር ጋር ነው የተሠሩት። ሌላው፣ ኮንስታንት ስፒድ (የብሌዱን አንግል እየቀያየረ ዙሩን የሚጠብቅ) የብረት ፕሮፔለር ይዞ ነዳጅ ለመቆጠብ በ2,100 እና በ2,200 ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ነው። ለእሱ ካውንተርዌይቱ ዋጋውን ይመልሳል። ያም ሆኖ ከክልከላ ሁሉ ነፃ ነኝ እንዳይል። እንደ ሙኒ ኤም20ጄ ባሉት ላይ፣ እንደ ፕሮፔለሩ ዓይነት፣ በዝቅተኛ ማኒፎልድ ፕሬዠር የማይቆዩበት ዙር አሁንም አለ። ባለስድስት ሲሊንደሮቹን እነ አይኦ-540ንና የኮንቲኔንታልን አይኦ-550 እዚህ ውስጥ አላስገባኋቸውም፣ ካውንተርዌይት ይዘው ነው የሚመጡት።

አውሮፕላን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ጥንቃቄ ጨምሩ። የፕሮፔለር አምራቹ የሰጣችሁ የዙር ክልል የተለካው በማግኔቶ (በተለመደው የእሳት ብልጭታ ሰጪ) እና በመደበኛ ፒስተን ነው። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ወይም ከፍተኛ ኮምፕረሽን ፒስተን ከገባ ምቱ ይበረታል፣ ቁጥሩም ይለወጣል። አምራቹን በጽሑፍ ጠይቁ።

በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ደግሞ ለኮምፖዚት (ከብረት ሳይሆን ከፋይበር ለተሠራ) ፕሮፔለር አስቀምጡት። ብሌዱ ቀላል ስለሆነና ንዝረትን ስለሚያበርድ፣ በብዙ ጥምረቶች ያለ ካውንተርዌይትም የዙር ክልከላው ይነሳል። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ለእናንተው ሞተር ሙሉ ስም መፈቀዱን ወረቀቱ ላይ አንብቡ።