ያረጀ ሞተር ሳይክል በደጋና በቆላ መንገድ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ ስለ ፍሳሹና ስለ ጥገናው

ከዚህ በታች የምገመግመው ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛሁትን፣ የጃፓን ሥሪት የሆነውን፣ ባለ 200 ሲሲና በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ነው። በመስክ ሠራተኞች እጅ ለብዙ ዓመታት በጠጠርና በጭቃ መንገድ ሲደክም የኖረ ሲሆን፣ እኔም ከመስከረም ወዲህ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት፣ አልፎ አልፎም ከጣርማ በር ታጥፌ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ለሥራ ስመላለስበት ቆይቻለሁ። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ መቀመጫው ምቾትና ስለ ቤንዚን ፍጆታው የምለው ብዙ የለኝም፤ ሦስቱም ለዕድሜው ደኅና ናቸው። ግምገማዬ የሚያተኩረው በፍሳሹ ላይ ነው፤ ያረጀ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ቀድሞ የሚገጥመው፣ ብዙ ጊዜም ያለ አግባብ ገንዘብ የሚያወጣበት ጉዳይ ይኸው ነውና።

አካባቢያችን በሞተሩ ውስጥ ላለ፣ ዘይት ለሚያግድ ያረጀ ጎማ አይመችም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ቁልቁል እየወረደ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ይጠጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመታው ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሣ፣ በዕድሜ የደረቀው ኦይል ሲል (ዘይት በዘንግ ዙሪያ እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ዘንጉን አጥብቆ የሚይዝበት ልስላሴ አይኖረውም፤ ቆላ ሲወረድ ደግሞ የሞተሩ ዘይት በሙቀት ቀጥኖ ባገኘው ስንጥቅ ሁሉ ይሾልካል። ስለዚህ በብርድ የሚያፈሰውና በሙቀት የሚያፈሰው ቦታ አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ ምርመራው በሁለቱም ጊዜ መደረግ አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈሰው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ይገባል፤ ለዚህም ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ማንጠፍ ይበቃል። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ካርቶኑ ላይ ቀስ እያለ ይሰፋል። ቤንዚን ሽታውን ትቶ ይተንናል፤ ቤንዚኑን ከአየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ ገላ ላይ ግን ቢጫማ ወይም ቡናማ እድፍ ያስቀራል። የፍሬን ዘይት በጣት ሲዳሰስ ያሟልጫል፣ በውኃ በቀላሉ ይታጠባል፣ የነካውንም ቀለም ይልጣል። የፊት ሾክ ዘይት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ከመንጠባጠቡ በፊት በዘንጉ ላይ አቧራ የያዘ ጠቆር ያለ ቀለበት ሠርቶ ይታያል።

ቦታውን ማግኘት ከዚህ ይከብዳል። ዘይት በስበት ወደ ታች ይወርዳል፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከሚያፈስበት ቦታ በታችና በስተኋላ ይሆናል። መፈለግ ያለበት ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ያለው ነጥብ ነው። የዓመታት አቧራና ዘይት የተለበጠበትን ሞተር ሳያጥቡ መመርመር ከንቱ ድካም ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ታጥቦ በጨርቅ ይደርቃል፤ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃናት ፓውደር ይነሰነሳል፤ ከዚያ አጭር መንገድ ተነድቶ ሲታይ ዘይቱ ነጩን ፓውደር እየሰነጠቀ የወጣበት መስመር ምንጩን ያሳያል። በከተማው እንደተለመደው በግፊት ውኃ ማሳጠብን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ውኃው አሸዋ ይዞ በኦይል ሲሉ ከንፈር፣ ማለትም ዘንጉን በሚነካው ጠርዝ፣ ሥር ሊገባ ይችላል።

በዚህ ዘዴ ስመረምር ዘይቱ በአንድ ጊዜ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) ሽፋን፣ ከፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ከሚያገናኘውና ከሚለየው ክፍል) ሽፋንና ከፒኞኑ (ሰንሰለቱን ከሚያዞረው ትንሽ ጥርሳም ጎማ መሰል ብረት) አካባቢ ወጥቶ ታየ። ሦስት ቦታ አብሮ ማርጀት አይችልም ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም እንዲህ ሲሆን ከጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያ መካከል ከሚገባው ማሸጊያ) በፊት መጠርጠር ያለበት በሞተሩ ውስጥ የታመቀ ግፊት ነው። ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል፤ በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት የብረት ቀለበቶች) በኩል የሚያመልጠው የተቃጠለ ጋዝም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ በካርተሩ (የሞተሩን ታችኛ ክፍል በሚይዘው ቤት) መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን መውጣት ሲገባው መውጫ ካጣ፣ ዘይቱን ይዞ በደካማው መጋጠሚያ በኩል ይወጣል። የዚህ ሞተር ቱቦ በአቧራና በዘይት ዝቃጭ ተደፍኖ፣ ጫፉም ከመቀመጫው ሥር ተጣጥፎ ነበር። ቱቦው ወጥቶ ታጥቦ፣ እጥፋቱም ተቃንቶ ሲመለስ የቴስታታውና የፍሪሲዮኑ ሽፋን ፍሳሽ ያለ አንዳች መለዋወጫ ቆመ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ከእኔ በፊት የነበሩት ጠጋኞች በሁለቱ ሽፋኖች ጠርዝ ላይ ሲሊኮን ደጋግመው መቀባታቸውን ያየሁት ቅሪት ይመሰክራል፤ ቱቦውን ግን ማንም የነካው አይመስልም። ቱቦው ንጹሕ ሆኖም ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጢስ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ማለቁን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እዚያ ላይ ጓርኒሲዮን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

የፒኞኑ አካባቢ ፍሳሽ ግን እውነተኛ ነበር። በዚያ ጠባብ ቦታ ሦስት ተጠርጣሪዎች ይገናኛሉ፦ የፒኞኑ ዘንግ ኦይል ሲል፣ የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ኦይል ሲልና ራሱ የካቴናው (የሰንሰለቱ) ቅባት። ሦስተኛው ብዙ ባለቤቶችን ያሳስታል፤ ካቴናው የሚረጨው ቅባት በሽፋኑ ውስጥ ተጠራቅሞ በታች ሲንጠባጠብ ፍጹም የሞተር ዘይት ይመስላልና። በእኔው ላይ ጥፋተኛው የማርሽ መቀየሪያው ኦይል ሲል ነበር። መጠኑ በፊቱ ላይ በሦስት ቁጥሮች ይጻፋል፤ 12-22-5 የሚል ከሆነ 12 ሚሊ ሜትሩ የውስጡ፣ 22ቱ የውጪው ስፋት፣ 5ቱ ውፍረቱ ነው። ስለዚህ የሞተር ሳይክሉን ስም ሳይጠሩ አሮጌውን ይዞ ሄዶ አቻውን መግዛት ይቻላል። ከሁለት ዓይነት ጎማ ተሠርቶ ይገኛል፤ ተራው ናይትራይል እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላለው ሙቀት ደኅና ሲሆን፣ ቫይተን የሚባለው እስከ 200 ገደማ ይችላል። ለማርሽ ዘንግ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ስለዚህ ውድ የሆነውን ግዛ የሚለኝን ነጋዴ አልሰማሁትም። ሲገጠም ትንሿ ሞላ ያለችበት ፊት ወደ ዘይቱ መዞር አለበት፤ የዘንጉ ጥርሶች ከንፈሩን እንዳይቀዱት በቀጭን ፕላስቲክ ይጠቀለላሉ፤ ከንፈሩ ግራሶ ይቀባል፤ ከዚያም በውጪው ስፋቱ ልክ በሆነ ክብ የብረት ቡሽ ሳይዘምም ቀስ እየተመታ ይገባል። በዚህ ሞተር ሥራው ካርተሩን ሳይከፍቱ ከውጭ ይሠራል፤ ይህን የሞተር ሳይክሉ ትልቅ ጸጋ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ስለ ሲሊኮን ያለኝ አስተያየት መራራ ነው። በልኩና በቦታው ሲቀባ ሥራውን ይሠራል፤ ችግሩ ወፍራም ሆኖ ሲቀባ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ተቆርሶ በዘይት ማጣሪያው ወንፊት ላይ መከማቸቱ ነው። የፍሪሲዮኑ ሽፋን ዘይት ማፍሰሱን ካቆመ በኋላም ያስከፈትሁት ይህን ፈርቼ ሲሆን፣ ወንፊቱ ላይ እንደ ትል የተጠመዘዘ ቅራፊ ተገኝቷል። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ስለሚያሟሽሸው ከካርቡራተርና ከቤንዚን መዝጊያ አጠገብ ጨርሶ መድረስ የለበትም። የወረቀት ጓርኒሲዮን ግን ከጥቅል ላይ በእጅ ተቀድዶ ቢሠራም በትክክለኛው ውፍረት እስከሆነ ድረስ ከፋብሪካው አያንስም። ሽፋኑን የሚይዙት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎኖች የሚፈልጉት የማጥበቂያ ኃይል 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ፍሳሽ ባየ ቁጥር የሚያጠብቅ ጋራዥ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ጨርሶ ሌላ ሥራ ይፈጥራል። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን የመዳብ ቀለበት ካለው ደግሞ እስኪቀላ በእሳት አግሎ ማቀዝቀዝ መዳቡን መልሶ ያለሰልሰዋል።

ከዘይቱ ይልቅ መቸኮል የሚያስፈልገው ለፊት ሾክና ለፍሬን ነው። የቀኙ ሾክ ዘይት ወደ ፍሬኑ ዲስክ እየወረደ ነበር፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ሰው ይህ የንጽሕና ጉዳይ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በከንፈሩ ሥር የገባ አሸዋ ብቻ ስለሆነ፣ አቧራ መከላከያውን ዝቅ አድርጎ በስስ ፕላስቲክ ቅዳጅ ጠርጎ ማየት ይገባል። የእኔው በዘንጉ ላይ በጠጠር የተፈጠረች ሹል ቁስል ነበረባት፤ ቁስሏ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ካልተስተካከለች አዲሱንም ኦይል ሲል መቅደዷ አይቀርም። ሁለቱም እግሮች ኦይል ሲላቸው አብሮ ተቀይሮ፣ እኩል ዘይት ተሞልተዋል፤ ዘይት የጠጡት የፍሬን ሸራዎች ግን አልታጠቡም፣ ተጣሉ። የፍሬኑ ዘይትም አብሮ ተለወጠ፤ ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው፤ ዶት 4 በተመሳሳይ 230 እና 155 ነው። ለቁልቁለታችን ሁለተኛውን መርጫለሁ። በእጥረት ጊዜ የሞተር ዘይት ይጨመርበት የሚል ምክር ሰምቻለሁ፤ የፍሬኑን ጎማዎች አሳብጦ ስለሚያበላሽ ሕይወት የሚያሳጣ ምክር ነው።

የቤንዚኑ ነገር አጭር ነው። የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ መርፌ (ሲሞላ ቤንዚኑን የሚያግደው) ካለቀና የቤንዚን መዝጊያው ክፍት ካደረ፣ ቤንዚኑ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን በሲሊንደሩ በኩል ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። የዘይት መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘና ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ መነሣት የለበትም፤ መርፌው ተቀይሮ ዘይቱም መለወጥ አለበት። ወትሮም ማታ ማታ መዝጊያውን መዝጋት ምንም አያስወጣም።

አሁን የቀረው በሲሊንደሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን ላይ የሚታይ ላብ ነው። ሳይንጠባጠብ አቧራ ብቻ ይይዛል፤ እሱን ለመቀየር ደግሞ ቴስታታውንና ሲሊንደሩን ማውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፋሻው እስኪቀየር ድረስ እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ሞተር ሳይክሉን ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርጌ በየሳምንቱ የዘይቱን ልክ አያለሁ፣ ሲጎድልም ለፍሪሲዮኑ የሚስማማ፣ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለበትን ዘይት እጨምራለሁ። ፍሳሽ ያቆማሉ ተብለው ዘይት ውስጥ የሚጨመሩትን መድኃኒቶች አልሞከርሁም፣ አልሞክርምም፤ በዘይት ተነክሮ የሚሠራ ፍሪሲዮን እንዲንሸራተት ሊያደርጉ ይችላሉና።