ድምፁ ጥሩ፣ መብራቱ አበሳ፦ ባለ አንድ ጆሮ ብሉቱዝ ከሰኔ እስከ ጥር

ይህችን ባለ አንድ ጆሮ ብሉቱዝ ሰኔ ላይ መርካቶ ገዛኋት፤ ይኸው ጥር ገባ። ከጆሮዬ የምትወርደው ስበላና ስተኛ ብቻ ነው። ራይድ ነው የምሠራው፣ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ስለሚያስቀጣ ደንበኛ «የት ደረስክ?» ብሎ ሲደውል የምመልሰው በእሷ ነው። ጥሩ ጎኗን ቶሎ ልበልና ወደሚያናድደኝ ልሂድ።

ድምፅዋ አሪፍ ነው። በቃሊቲ መንገድ በከባድ መኪና መሀል መስኮት ከፍቼ ስነዳ እንኳ የምናገረው ይሰማል። ባትሪዋ አዲስ እያለች ቀኑን ሙሉ ትይዝ ነበር፤ አሁን ወደ ማታ ትደክማለች፣ ለዋጋዋ አልከፋም። የጆሮ ጎማው አቧራ ይጋገርበታል፣ ነቅሎ ማጠብ ነው።

መብራቷ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከስልክ ጋር እስከተገናኘች ድረስ በየጥቂት ሰከንዱ ሰማያዊ ብልጭ ትላለች። ጥሪ ኖረ አልኖረ፣ መሸ ነጋ፣ ብልጭ። ቀን ላይ ማንም ልብ አይላትም። ኤርፖርት የሚሄድ ሰው ለማድረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስወጣ ግን ከኮንዶሚኒየሙ እስከ ፈጣን መንገዱ መግቢያ አካባቢ ድረስ ብዙው ቦታ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በግራ ጆሮዬ ስለማደርጋት ብልጭታው የጎኑ መስታወት ላይ ነጥሮ ልክ ስፖኪዮ በማይበት በኩል ይታየኛል። ከኋላ ሞተር የመጣ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ። ወደ ቀኝ ጆሮ ሳዛውራት ለእኔ ተሻለኝ፣ ተሳፋሪው ላይ ደግሞ ባሰ።

አንድ ማታ ከገላን የጫንኳቸው እናት ብዙ ካዩዋት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይቺ የምትበራው እየቀረጸችን ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም እናቴ፣ የስልክ ናት።»

«ታዲያ የስልክ ከሆነች ምን አድርጉ ብላ ነው የምትጠቅሰን?»

መልስ አልነበረኝም። ሌሎቹ ደግሞ ብልጭታዋን ሲያዩ እያወራሁ ይመስላቸውና ዝም ይላሉ፤ መታጠፊያው ካለፈ በኋላ «ስልክ ላይ ነህ ብዬ ነው» ይሉኛል።

የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ መብራቱ ያለው ባለቤቱ ብቻ ሊያየው በማይችልበት ቦታ ነው። ለእኔ የሚያስፈልገኝን፣ ማለትም ተገናኝታለች ወይስ ተቋርጣለች፣ ባትሪ አለቀ ወይስ አላለቀ የሚለውን፣ ራሷ በድምፅ ትነግረኛለች። መብራት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ከስልኩ ጋር ስትጣመርና ቻርጅ ስትደረግ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እጄ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ናት። የቀረው ብልጭታ ሁሉ ለማይመለከተው ሰው የሚሠራ ነው።

ቤት ውስጥም ሰላም የለም። የምንኖረው ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ሶኬቱ ከአልጋው አጠገብ። ቻርጅ ስታደርግ ቀይ፣ ስትሞላ ሰማያዊ ሆና እስኪነጋ ትበራለች። ግድግዳው በሙሉ ሰማያዊ ይሆንና ሕፃኑ ዓይኑን ተክሎ ያያታል፤ እሱ ካልተኛ ማን ይተኛል?

ቀለሙ ራሱ ነገሩን ያባብሰዋል። ዓይናችን በቀን ይበልጥ የሚቀበለው ወደ አረንጓዴና ቢጫ ያለውን ብርሃን ነው። ሲጨልም ሥራውን የሚረከቡት ሌሎች የዓይን ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ወደ ሰማያዊው ያደላሉ፣ ቀዩን ብዙም አያዩትም። ያቺው ነጥብ ቀን ላይ ኢምንት፣ ሌሊት ላይ ባውዛ የምትሆነው ለዚህ ነው። እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ከሌላው ቀለም ይበልጥ የሚያግደውም ሰማያዊ ብርሃን ነው። አንዲት ፍሬ መብራት ያን ያህል ታደርሳለች አልልም፣ እኛን የሚያስቸግረን መታየቷ ነው። ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ነው፤ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት ትልቅ ሥራ ነው። ለነጭ አምፖላችን መንገድ የከፈተውም እሱ ነው፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ፋብሪካዎቹ ያገኙት ዕቃ ላይ ሁሉ ይለጥፉት ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

መፍትሔ ፍለጋው ብዙ ወሰደ። ጥቁር ናስትሮ ብርሃኑን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ነገር ግን የእኔዋ ላይ የማይኩ ቀዳዳ ከመብራቱ ጎን ስለሆነ ትንሽ ከተንሸራተተ ደዋዩ «አልሰማህም» ማለት ይጀምራል፣ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ሙጫው ጆሮ ላይ ይቀራል። ማርከር በላብ ይለቃል። የሠራልኝ የባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነው፤ ቀይ፣ ስስና ብርሃን የሚያሳልፈው ዓይነት። ቀይ ቀለም ሰማያዊ ብርሃንን ይውጣል፣ ቀዩን ያሳልፋል። ሁለት ጊዜ ደራርቤ ስቀባው ሰማያዊው ብልጭታ ከቅርብ ካልፈለጉት አይታይም፣ የቻርጁ ቀይ ግን እንዳለ አለ። አሁን ቀዩ ከታየ እየሞላች ነው፣ ከጨለመ ሞልታለች። ድፍን ያለው ቀለም ሁለቱንም ስለሚደፍን አይሆንም። ስትቀቡ የማይኩን ቀዳዳ በጥርስ እንጨት ጫፍ እየጠበቃችሁ፣ በትንሽ በትንሹ። ተበላሸ ብላችሁ በአሴቶን እንዳትጠርጉት፣ ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ያሟሟል። ባትሪ ይቆጥባል ብሎ የሚጠብቅ ካለ አይቆጥብም፤ መብራቱ ከሥር መሥራቱን አላቆመም፣ ድሮም ቢሆን የሚበላው ጥቂት ነው።

ገና ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ አስከፍቷት፣ ከስልካችሁ ጋር አገናኙና በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ እዩዋት፤ በሱቅ መብራት ሁሉም ደህና ይመስላል። መመሪያውንም ግለጡ፣ አንዳንዱ ሞዴል ከተገናኘ በኋላ መብራቱን ራሱ ያጠፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ይጠፋለታል። የእኔዋ ሁለቱም የላትም። መርካቶ ተመልሼ ብልጭ የማይለውን ስጠይቅ ሻጩ ሳቀ፦ «ወንድሜ፣ ካልበራ ሞቷል ብለው ይመልሱብኛል።»