የፖሊካርቦኔት የአይጥ ማቆያ ሳጥን፤ ለሆርሞን ጥናት ምን ያህል ይታመናል?

ፖሊካርቦኔት ከተባለ ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ የሚሠራው ሳጥን በብዙ ቤተ ሙከራዎች የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክዳኑ ሳይከፈት እናቲቱንና ጨቅላዎቿን ያሳያል፣ ቀላል ነው፣ ወድቆም በቀላሉ አይሰበርም። ለተለመደ እርባታ ያለ ማመንታት እመርጠዋለሁ። ገና በማኅፀን ባሉ ወይም አዲስ በተወለዱ አይጦች ላይ የሆርሞንን ውጤት ለሚያጠና ሰው ግን የምሰጠው ምክር ሌላ ነው።

ፕላስቲኩ የሚሠራበት ቢስፌኖል ኤ የተባለ ኬሚካል የኢስትሮጅን፣ ማለትም የሴቴ ሆርሞን፣ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 በኦሃዮ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ሳጥኖችና የውኃ ጠርሙሶች በስህተት በኃይለኛ የወለል ማጽጃ ታጥበው በመጎዳታቸውና ቢስፌኖል ኤ ከውስጣቸው በመውጣቱ፣ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ሃንትና ባልደረቦቿ በሚመረምሯቸው የአይጥ እንቁላሎች ውስጥ ክሮሞዞሞች በአግባቡ ሳይሰለፉ የሚቀሩበት መጠን ከ1 እስከ 2 በመቶ ከነበረበት በድንገት ወደ 40 በመቶ አሻቀበ። ያ የደረሰው ከጨቅላነት ባለፉ እንስሳት ላይ ነው፤ ጨቅላዎቹ ደግሞ ይበልጥ ያሳስቡኛል። ተመራማሪዎቹ ሃዋርድ በርንና ኖቦሩ ታካሱጊ በ1960ዎቹ እንዳሳዩት፣ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢስትሮጅን የተሰጣቸው ሴት አይጦች የብልታቸው ውስጠኛ ሽፋን፣ ካደጉ በኋላ የእንቁላል ዕጢያቸው ቢወጣ እንኳ፣ ሆርሞኑ ዛሬም እንዳለ ሁሉ እየወፈረና እየጠነከረ ይኖራል። ሬታ ኒውቦልድና ባልደረቦቿ በ1990 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን በየዕለቱ 2 ማይክሮግራም ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል (ኃይለኛ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን) ከተወጉት መካከል 90 በመቶዎቹ በ18 ወራቸው የማኅፀን ካንሰር ታይቶባቸዋል። ከሳጥን የሚወጣው ከዚህ መድኃኒት ጋር በጉልበት አይወዳደርም፤ ነገር ግን ምንም ባልተሰጣቸው የማነጻጸሪያ አይጦች ላይም ስለሚያርፍ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚፈለገውን ልዩነት ሊያደበዝዘው ይችላል።

በምትኩ የሚቀርበው፣ ፖሊሰልፎን ከተባለ ሌላ ፕላስቲክ የሚሠራው ሳጥን ዋጋው ከፍ ያለ፣ ሙቀትንም የተሻለ የሚቋቋም ነው። ሆኖም በ2018 የሃንት ቡድን፣ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከተጎዱ የፖሊሰልፎን ሳጥኖች የቢስፌኖል ኤ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቢስፌኖል ኤስ እንደሚወጣና የዘር ሕዋሳትን አፈጣጠር እንደሚያውክ አሳይቷል። ችግሩ የታየው በተጎዱት ላይ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለው ጥናት ያልተጎዳ ፖሊሰልፎንን ከብርጭቆ ጠርሙስ ጋር እመርጣለሁ፤ የደበዘዘ ወይም የተሰነጠቀ ሳጥን ወዲያውኑ ከሥራ ይውጣ፣ ማጠቢያውም ለዕቃው የተፈቀደው ለስላሳ ፈሳሽ ብቻ ይሁን። አኩሪ አተር የበዛበት መኖም የኢስትሮጅን ጠባይ ያላቸው ውሕዶች ስላሉት፣ ሳጥኑን የሚያዝ ሰው የመኖውን ይዘት አብሮ ይጠይቅ።