ሌትሮዞል ወይስ ክሎሚፊን? ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ለመፀነስ እንዲረዳት ሌትሮዞል ታዝዞላት ኖሮ ሻጩ «ይህ የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው» ብሏት ደንግጣለች። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (እንቁላል በየወሩ በአግባቡ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን ችግር) ያለባቸው ጓደኞቼም «እሱ ይቅርብኝ፣ ክሎሚፊን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሁለቱም እንቁላል እንዲወጣ የሚረዱ ክኒኖች ናቸው። ሁለቱንም ውጫለሁ፤ መልሴ ሌትሮዞል ነው።

ለጡት ካንሰር መሠራቱ እውነት ነው። ኢስትሮጅንን ዝቅ ሲያደርግ ግን አንጎል እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን ጨምሮ ይልካል። የካንሰር ታካሚ ለዓመታት በየቀኑ ትወስደዋለች፤ እኛ በወር ለ5 ቀን ብቻ።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የአንዱን ፍሬ ዋጋ አታነጻጽሩ። ሁለቱም በአንድ የወር አበባ ዙር ከ5 ፍሬ ይጀምራሉ፤ እንቁላል ካልወጣ ሐኪም ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 15 ያሳድገዋል። ኪስ የሚያራቁተው በየዙሩ የሚደገመው አልትራሳውንድ፣ ካርድና ታክሲ ነው። ስለዚህ ርካሹ ባነሰ ዙር የሚያስረግዘው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት 750 ሴቶችን እስከ 5 ዙር ተከታትሎ፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ መውለዳቸውን አሳይቷል። እኔን ክሎሚፊን ሌሊት በሙቀት ያነደኝ ነበር፤ እንቁላሉ አድጎ ሳለም የማሕፀኔ ግድግዳ ሳስቶ ተገኘ። ክሎሚፊን ዓይናችሁን ብዥ ካደረጋችሁ ወዲያውኑ አቁማችሁ ለሐኪም ንገሩ።

አሁን የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ። ሌትሮዞል ብዙ ጊዜ በ30 ፍሬ ካርቶን ስለሚመጣ ሻጮች ቆርጠው ይሰጣሉ። እኔ ከውጭ በሻንጣ የመጣ፣ የማብቂያ ቀኑ በሌላኛው ቁራጭ ላይ የቀረ 5 ፍሬ በርካሽ ገዛሁ። እንቁላሌ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሜ «መጠኑ አንሶሻል» ብለው በሚቀጥለው ወር እጥፍ አደረጉልኝ። ክኒኑ ይሁን ሰውነቴ እምቢ ያለው ማን ያውቃል? አንድ ወርና የ3 አልትራሳውንድ ገንዘብ ሄደ። የምርት ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ የማይነበብ ቁራጭ በነጻም አትቀበሉ፤ ደረሰኝም ያዙ።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚንን ለስኳሩ ካልታዘዘላችሁ እርግዝናን ብቻ ብላችሁ አትግዙ። በ2007 እ.ኤ.አ. ጥናት እሱን ብቻ ከወሰዱት የወለዱት 7.2 በመቶ፣ በክሎሚፊን ደግሞ 22.5 በመቶ ነበሩ። የሆርሞን መርፌ ዋጋው ከባድ ነው፤ መንታና ከዚያ በላይ የማስረገዝ ዕድሉም ከፍ ይላል፤ ክኒኑ እምቢ ሲል ይታሰብ።

እህቴን ግን ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅኋት ባሏ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ማድረጉን ነበር። አላደረገም። ማዘዣውን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣ ነገ አብረው ይሄዳሉ።